«አንድ ቀን እንሄዳለን» ላላችኋቸው ምግብ ቤቶች ቀን ስትቆርጡ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ምግብ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ዝርዝር አለው፤ ከፊሉ ስልኩ ላይ፣ ከፊሉ ጭንቅላቱ ውስጥ። ባልደረባው «ክትፏቸውን ሳትቀምስ እንዳትሞት» ያለለት ቤት፣ ቲክቶክ ላይ አይቶ ያስቀመጠው የየመን ማንዲ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በመስኮት ያያት አዲስ ታፔላ። ዝርዝሩ በየሳምንቱ ይረዝማል። የመውጫው ቀን ሲደርስ ግን «የት እንሂድ?»፣ «አንተ በል»፣ «አንቺ በይ» ሲባባሉ ሰዓቱ ይሄድና እግር ወደለመደው ቤት ያመራል።

ዋናው ምክንያት ዝርዝሩ ስም ብቻ ይዞ ቀን ስለሌለው ነው። በዚህ ከተማ እያንዳንዱ ምግብ ቤት የሚሄዱበትና የማይሄዱበት ቀን አለው፤ አብረውት የሚሄዱትና የማይሄዱት ሰውም አለው። ይህን ሳያገናዝቡ የጻፉት ነገር ምኞት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በታች የምታነቡት ምኞቱን ወደ ቀጠሮ የምትቀይሩበትን መንገድ ነው። ለምግብ ቤቶች ደረጃ አላወጣሁም፤ ስም የጠራሁትም ለምሳሌ ሲጠቅም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምግቡን ጻፉ፣ ቤቱን ቀጥሉ

ማስታወሻ ደብተርም ይሁን ስልክ፣ አራት ነገር ይበቃል፦ ምግቡ፣ የቤቱ ስም፣ ቦታው የሚታወቅበት ምልክትና የነገራችሁ ሰው። «ቦሌ ያለው ቆንጆ ቤት» ተብሎ የተጻፈ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ለራሳችሁም አይገባችሁም። «ጥህሎ፣ ሃያ ሁለት፣ ከማደያው ፊት ለፊት በሚያስገባው ቅያስ ሦስተኛው ግቢ፣ የቢሯችን ሒሳብ ሹም የነገረችኝ» ከተባለ ግን ዓመትም ቢቆይ ያደርሳል። የነገራችሁን ሰው መጻፍ ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሚጥሚጣ አፉ የማይነካ ሰው ያመሰገነው ክትፎና ቅቤ ሲንሳፈፍ ካላየ የማይጠግብ ሰው ያመሰገነው ክትፎ አንድ አይደሉም።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ዝርዝሩ ክትፎ፣ ጥብስና በርገር ብቻ ከሆነ አስፉት። የአገሪቱ ማእድ ቤት ሁሉ እዚህ ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ አለው። ከትግራይ ጥህሎ አለ፤ የገብስ ዱቄቱ በእጅ እየተድቦለቦለ፣ ሹካ በመሰለ እንጨት እየተወጋ፣ ቀይ የሥጋ ወጥ ውስጥ ይጠለቃል። ከወላይታ ቁርጥ በዳጣ፣ ከሲዳማ ቦርሳሜ፣ ከወለጋ አንጮቴ፣ ከአርሲ ጭኮ አለ። ሩዝና የግመል ሥጋ ያማረው ሰው ጅግጅጋ ድረስ መሄድ የለበትም፤ ቦሌ ሚካኤል ይበቃዋል።

ከባሕር ማዶ የመጡትንም አትርሱ። ፒያሳ ላይ ካስቴሊን የከፈተው ከጣሊያን ወረራ በኋላ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ ነበር፤ የቤቱ ስም እስከ ዛሬ በፓስታ ወዳጆች አፍ ውስጥ አለ። የየማኅበረሰቡ ክበቦችም አሉ፦ የጣሊያኖቹ ጁቬንቱስ፣ የግሪኮቹ ክበብ፣ የአርመኖቹ አራራት። አዲስ አበቤ አጠገባቸው አልፎ እየሄደ ገብቶ የማያውቃቸው ቤቶች ናቸው። አባል ላልሆነ ሰው መግቢያው እንዴት እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ጾሙንና ፍስኩን ለዩ

ከእያንዳንዱ ምግብ አጠገብ አንድ ፊደል ጨምሩ፦ «ጾ» ወይም «ፍ»። ይህች ምልክት የሥራውን ግማሽ ትሠራለች። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይዘልቃል፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የሐዋርያት ጾም፣ ከዐቢይ ጾም ቀደም ብሎ ሦስቱ የነነዌ ቀናት አሉ። እናንተ ባትጾሙ እንኳ ከተማው ይጾማል፤ ማእድ ቤት ደግሞ የሚሠራው ለብዙኃኑ ነው። ረቡዕ ቀን ክትፎ የሚያዝ ሰው ክትፎውን ያገኝ ይሆናል፤ ግን ጠያቂው ያነሰ፣ ሥጋውም ከትናንት የዋለ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሥጋ ቤቶች በዐቢይ ጾም ጨርሶ ይዘጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግድግዳ የሚቀቡትም ያኔ ነው።

የጾም ምግብን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። ጥሩ በያይነቱ ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ ማክሰኞ መሄድ ምግቡን መበደል ነው። የጾም ምግብ በጾም ቀን ነው የሚበላው። ያን ዕለት ሽሮው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ አይቆይም። አዚፋው ትኩስ ሰናፍጭ ይሸታል፤ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት የሚወጡትም ያኔ ነው፤ እንጉዳይ ጥብሱም ለብቻው ይመጣል። በፍስክ ቀን ያው ትሪ ሦስት ዓይነት ምስርና አንድ ጎመን ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ «ጾ» ያላችሁትን በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ፣ ማእድ ቤቱ እጁን አፍታቶ ሲሠራ ሂዱ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የምሳ ቡፌ ለዓመታት ስሙ የተጠራው በዚሁ የጾም ምግብ ነው። ሆቴሉ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. ከፊሉ ሲቃጠል ከተማው ሙሉ ደንግጦ ነበር። ለምግቡ ባትሄዱ እንኳ የእንጨት ወለሉን ረግጣችሁ ውጡ።

«ፍ» ያላችሁትን ደግሞ ሁለት ቀን ከልክሉት፦ ቅበላንና የፋሲካን ማግስት። በቅበላ ሰው ለሁለት ወር የሚሰናበተውን ሥጋ ባንድ ቀን ሊበላ ይወጣል፤ ወንበር አይገኝም፣ አስተናጋጁ አይሰማችሁም፣ ሥጋ ቆራጩ የጠየቃችሁትን ብልት ሳይሆን ቢላው ላይ ያለውን ይሰጣችኋል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሳምንታት ግን ረቡዕና ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው፤ ለክትፎና ለቁርጥ ዝርዝራችሁ ከእነሱ የተሻለ ጊዜ የለም። የጉራጌ ክትፎ ከነሙሉ ሥርዓቱ ማየት የሚፈልግ ሰው መስከረም 17ን ተከትሎ አገር ቤት የሚጠራው ወዳጅ ቢያፈላልግ ይሻለዋል፤ የዚያን ሰሞን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ለመስቀል ወደ አገራቸው ይገባሉ፣ የከተማው ቤቶችም ይሳሳሉ።

ዓሣ ለብቻው ነው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ የታዘብሁትን ብቻ ልናገር፦ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ ቤቶች ይጨናነቃሉ። ዓሣው ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ፣ ከጣና ተጭኖ የሚመጣ ስለሆነ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ ገብቷል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አልገባም ካሏችሁ አመስግናችሁ ዝጉት። እውነቱን የሚነግራችሁ ቤት ለሌላ ቀን የሚሆን ቤት ነው።

ረመዳንም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ የዘንድሮውን አቆጣጠር እዩ። የሙስሊም ምግብ ቤቶች ቀን ላይ ይቀዘቅዛሉ ወይም ይዘጋሉ፤ ማፍጠሪያ ሲደርስ ሾርባው፣ ሳምቡሳውና ቴምሩ ተደርድሮ ይጠብቃል። የማይጾም ሰው በዚያች ሰዓት ወንበር ይዞ ባይቀመጥ ጨዋነት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይግባ።

ቤቱ አሁንም ያለ መሆኑን አረጋግጡ

ይህ እርምጃ ከጥቂት ዓመታት በፊት አያስፈልግም ነበር። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። ሁለቱም የቁርጥ፣ የክትፎ፣ የሽሮና የቡና ቤት የሞላባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ከዚያ በፊት የጻፋችሁት ዝርዝር ካላችሁ ዛሬ አውጥታችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ የስልክ ካርታ ላይ ያለው ነጥብ ቤቱ ከሄደ በኋላም እዚያው ይቀመጣልና አትመኑት።

የሄደ ቤት ሁሉ ግን አልሞተም። ብዙው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል፣ አንዳንዱ ስሙን ይዞ፣ አንዳንዱ ስም ለውጦ። ፍለጋውን ከሞባይል ቁጥር ጀምሩ፤ ቤት ይፈርሳል እንጂ ቁጥር አይፈርስም። ካልተገኘ የድሮ ደንበኛ ጠይቁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ደግሞ በዚያ በኩል የሚሠሩ የራይድ ሹፌሮች ናቸው። ስታገኙት አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ወጥ ሠሪዋ አብረው መጥተዋል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ቤቱ ያው ቤት ነው። «አይ፣ እሳቸው ቀርተዋል» ከተባለ የምትሄዱት ወደ አዲስ ቤት መሆኑን አውቃችሁ ሂዱ፤ ላይከፋ ይችላል፣ ግን የሰማችሁት ዝና የሌላ ሰው እጅ ነው።

ቅርንጫፍ ያበዙ ቤቶችን ስትጽፉ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ጻፉ። ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ ሲጀምር ሰው ቆሞ ቡናውን ጠጥቶ የሚወጣበት አንድ ቤት ነበር፤ ዛሬ «ቶሞካ እንገናኝ» ብሎ መቀጣጠር ሁለት ሰው ሁለት ቦታ ማስጠበቅ ነው።

ከማን ጋር እንደምትሄዱ ወስኑ

የውጭ አገር የመመገቢያ መጻሕፍት የማያነሱት፣ እኛ ግን ሳናነሳው የማናልፈው ጉዳይ አለ፦ የሥጋው ባራኪ። ከቡድናችሁ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ፣ አንዱ የሌላውን ሥጋ ላይበላ ይችላል። የሥጋ ቤቱ ታፔላ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ መኖሩን ማየት ብቻ አይበቃም፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አንዱ ጓደኛ «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ለስላሳ ሲጠጣ ማየት ደስ አይልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ከዝርዝሩ የጾም ቤት ወይም ዓሣ ቤት ምረጡ፣ ሁሉም እኩል ይበላል። ምርጫውንም እናንተ አውጁ እንጂ «አንተ የት ይመችሃል?» ብላችሁ ሸክሙን እሱ ላይ አትጣሉ።

ብዛትም ይወስናል። ክትፎ ለአንድ ሰው ይታዘዛል። ቁርጥና ጥብስ በኪሎ ስለሆነ ሦስት አራት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ቀጠሮ ይፈልጋል፤ ሽንኩርቱ ብቻ ለሰዓታት የሚቁላላ ምግብ «አሁን ይድረስ» ሲባል የሚደርስ ከሆነ ጠርጥሩ። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉና ሙሉ ዶሮ እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ፤ 12ቱም ብልት ይድረሳችሁ። ትልልቅ ሰው ካለ ደረጃ የማይወጣበት፣ ሙዚቃው ጆሮ የማይበሳ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት የምትደርሱበት ቤት ይሁን።

ቀን ለመቁረጥ እስካሁን ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ዕቁብ ነው። አምስት ስድስት ሰው ሆናችሁ በየወሩ የተወሰነ ብር ታዋጣላችሁ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ከራሱ ዝርዝር አንድ ቤት ይመርጣል፣ ቀኑንም እሱ ይቆርጣል፣ ሒሳቡም ከዕቁቡ ይከፈላል። «አንተ በል፣ አንቺ በይ» ይቀራል። ሒሳብ ሲመጣ እጅ ለእጅ መያያዝና «ሞቼ እገኛለሁ» መባባልም ይቀራል። ባለዕጣው የመረጠው ቤት መጥፎ ቢሆን የወሩ መሳቂያ ይሆናል እንጂ ማንም አይከስርም።

ሒሳቡን ከማዘዛችሁ በፊት ሥሩ

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ላይሆን ይችላል። ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል የተጻፈችውን መስመር ፈልጉ፦ ዋጋው ቫትን ያካትታል ወይስ አያካትትም? ሰርቪስ ቻርጅስ? 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና በላዩ 15 በመቶ ቫት የሚጨምር ቤት ውስጥ 1,000 ብር ብላችሁ ያዘዛችሁት 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። አምስት ሰው ይዞ ለወጣ ሰው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ከነቫቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ሰከንድ አይወስድም፤ የሚቆጣ አስተናጋጅም አላየሁም።

ሥጋ ቤት ውስጥ የኪሎውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን መጥበሻው፣ እንጀራውና አዋዜው ለብቻ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቁ። በቴሌብር ወይም በባንክ ልትከፍሉ ካሰባችሁ ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰዓት እንዳለ አስቡና ጥቂት ጥሬ ብር ያዙ። ሰርቪስ ቻርጅ የከፈላችሁበት ቤትም ቢሆን በደንብ ላስተናገዳችሁ ልጅ በእጁ ትንሽ ነገር ስጡት፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ገንዘብ ለእሱ ምን ያህል እንደሚደርሰው እናንተ አታዩም።

ጥሬ ሥጋ ፊት ስትቆሙ

ከዝርዝሩ ሁሉ ብዙ ሰው የሚፈራው ቁርጥ ቤት ነው፤ ምክንያቱም ሜኑ የለም፣ የምታዝዙት ቆማችሁ በጣት ነው። የተሰቀለው ሥጋ ፊት ቅረቡ። መጀመሪያ እዩ፤ ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ላዩ ደረቅ ያለ፣ ስቡ ነጭ ወይም ለስለስ ያለ ቢጫ ይሁን። ላዩ የሚያንሸራትት፣ ጠረኑም አፍንጫ ላይ የሚቀር ከሆነ «ተመልሰን እንመጣለን» በሉ። ከዚያ ብልቱን ጥሩ። ጮማ የምትወዱ ሻኛ ይሰጣችሁ፤ የሚለሰልስ ቀይ የምትፈልጉ ሽንጥ፤ የሚታኘክ ጠንከር ያለ ከጥቂት ስብ ጋር ከወደዳችሁ ዳቢት። ካላወቃችሁ አታስመስሉ፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ አንተ ምረጥልኝ» የተባለ ሥጋ ቆራጭ ብዙውን ጊዜ ይኮራል እንጂ አያታልልም። ከጓደኞቻችሁ ግማሹ ጥሬ የማይበላ ከሆነ «ግማሹ ቁርጥ፣ ግማሹ ጥብስ» ማለት የተለመደ ትእዛዝ ነው።

ሳህኑ ሲመጣ ቢላውን ወደ ራሳችሁ አታዙሩት፤ ከሥጋው ጫፍ ይዛችሁ ወደ ውጭ፣ ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡ። ሚጥሚጣው ለብቻ፣ አዋዜው ለብቻ፣ ሰናፍጩ ለብቻ ይቀርባል፤ ሦስቱንም ባንዴ የሚያጠልቅ ሰው የሥጋውን ጣዕም አያውቀውም። ነፍሰ ጡር ጥሬ አትብላ፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሌላውም ቢሆን ጥሬ ሥጋ ኮሶ እንደሚያስይዝ አባቶቻችንም ያውቁ ስለነበር ነው በየጊዜው የኮሶ መድኃኒት ይጠጡ የነበሩት። ዛሬ ፋርማሲ አለ፤ ሐኪም ጠይቃችሁ መድኃኒቱን ውሰዱ። የሚያሰጋችሁ ከሆነም የተጠበሰው አያሳፍርም።

ክትፎ ላይ ደግሞ ሦስት ቃል ይበቃችኋል፦ ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ የበሰለ። ለብ ለብ ያዘዛችሁት ግራጫ ሆኖ ከመጣ መልሱት። ቅቤው የኮሰረት ጠረን ያለው፣ አይቡ ያልኮመጠጠ፣ ቆጮው ስስ ሆኖ ጠርዙ የተጠበሰ ከሆነ ቤቱ በዝርዝራችሁ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ይጻፍ፤ ለሌላ ሰው የምትነግሩት ቤት ሆኗልና።

እንግዳ ከውጭ ሲመጣ

ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከዱባይ ዘመድ ሲመጣ የእናንተ ዝርዝር ወደ ጎን ይባላል፤ የእነሱ ይቀድማል። የሚጠይቁት ይታወቃል፦ ዮድ አቢሲኒያ፣ 2000 ሐበሻ፣ እስክስታው፣ ጠጁ። እነዚህን ቤቶች አትናቋቸው፤ የሚሄዱባቸው ለጭፈራውና ለጨዋታው ነው፣ ምግቡ ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ስለሚሞሉ ጠረጴዛ አስይዙ፤ ከመድረኩ ጋር መጋፋት የማይወድ አረጋዊ ካለ ከኋላ በኩል እንዲሆን ንገሯቸው።

ቀኑን ግን ልብ በሉ። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ብዙው ዘመድ የሚመጣው ፍልሰታ ላይ ነው። አያት ጾመኛ፣ ልጆቹ ፍስክ፣ አባትየው ደግሞ ከአውሮፕላን ሲወርድ ጀምሮ «ቁርጥ፣ ቁርጥ» የሚል ይሆናል። ለዚህ ቤተሰብ አንድ ቤት አይበቃም። እስከ ነሐሴ 15 ባለው ጊዜ ሁሉም አብሮ የሚበላበትን ጥሩ የጾም ቤት አስቀድሙ፤ የቁርጡን ቀጠሮ ለነሐሴ 17 ወይም 18 አድርጉት፣ የፍቺው ቀን ግርግር ካለፈ በኋላ። የመመለሻ ቲኬታቸው ከዚያ በፊት ከሆነ አባትየውን ብቻ አንድ ቀን ይዛችሁት ውጡ።